የካርድ ክፍሉ ጋሽ ሸምሱ

ጋሽ ሸምሱ ማረፋቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ በሦስተኛው ቀን ነው። ለቡ መብራት ኃይል ታክሲ ስጠብቅ፣ ባለቤቴ በታከመበት ሆስፒታል በጽዳት የምትሠራ አንዲት ሴትዮ ከሰልፉ ፊት ዞር ብላ አየችኝና፣ «አንቺ የዚያ ከፎቅ የወደቀው ልጅ ሚስት አይደለሽም?» አለችኝ። ነኝ አልኳት። «የካርድ ክፍሉ ሽማግሌ አረፉኮ። ማክሰኞ ጠዋት አርፈው፣ ከሰዓት ተቀበሩ» አለችኝ። ታክሲው መጣ፤ እሷ ገባች፣ እኔ ቀረሁ። ቀጥሎ የመጣውም ሞልቶ ሲሄድ ቆሜ አየሁት። ከዚያ ለባለቤቴ ለዳኛቸው ደወልኩለት። ስነግረው «እንሂድ» አለኝ። ቤታቸውን እንደማናውቀው ብነግረው፣ «ጠይቀን እንሂዳ» አለ።

ጋሽ ሸምሱ ዘመዳችን አልነበሩም፤ ጎረቤታችንም አይደሉም። የማውቃቸው ቢበዛ አምስት ወር ነው፣ እሱንም አብዛኛውን ከአንዲት ጠባብ መስኮት ማዶ። ቢሆንም ስለ እሳቸው ሳወራ ድምፄ እንደ ልጃቸው ነው የሚሆነው።

አጭር፣ ቀጠን ያሉ ሰው ነበሩ። ግራጫ ጋዋናቸው ከመታጠብ ብዛት ነጣ ብሏል። በቀኝ አውራ ጣታቸው ላይ ወረቀት የሚገልጡባት ትንሽ የጎማ ቆብ አለች፤ ሻይ ሲጠጡም አያወልቋትም። ግራ ጆሯቸው አይሰማም። ስለዚህ ሰው ሲያናግራቸው አንገታቸውን ብቻ ሳይሆን ሙሉ ሰውነታቸውን አዙረው ቀኝ ጆሯቸውን ይሰጣሉ። ያ መዞር ለእኔ ትልቅ አክብሮት ይመስለኝ ነበር። ታዲያ በመስኮቱ የሚጮህባቸው ሰው ሲመጣ ግራውን ነው የሚያዞሩለት። አንድ ቀን አንድ ሰውዬ መስኮቱን እየደበደበ «ደንቆሮ ናቸው እንዴ?» ሲል ሰማሁት። ጋሽ ሸምሱ ካርድ እየደረደሩ ሳይዞሩ፣ «ለጩኸት አዎ፣ ደንቆሮ ነኝ» አሉ። ሰውዬው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይቅርታ አባቴ» አለ። ወዲያው ዞሩለት።

ደግሞ አንድ ልማድ ነበራቸው። ካርድ ከመደርደሪያ ሲያወርዱ ሁልጊዜ እፍ ብለው አቧራውን ያራግፉና በእጅጌያቸው ይጠርጉታል፤ ከዚያ ነው የሚሰጡት። አንዲት ነርስ በችኮላ ካርድ ጠረጴዛ ላይ ስትወረውር አይተው፣ «ቀስ፣ ሰው ነው» ሲሏት በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

እኔ ወደዚያ መስኮት የሄድኩት ቸግሮኝ ነው። ዳኛቸው ለሳኝ ነበር። ብስራተ ገብርኤል አካባቢ በሚሠራ ሕንፃ ላይ ግድግዳ ሲለስን ወድቆ ዳሌውንና ጭኑን ተሰበረ። የሳይቱ ፎርማን በፒክአፕ አምጥቶ ሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል አስገባው። እኔ ስደርስ ወደ ኦፕራሲዮን እያስገቡት ነበር። ሦስት ሳምንት ተኝቶ ወጣ። ከዚያ በኋላ አሠሪዎቹ መደወል አቆሙ። ለሠራተኞቹ የተገባ ኢንሹራንስ እንዳለ የነገረን አብሮት የሚለስን ጓደኛው ነው። ዳኛቸው ያኔ ቤት ውስጥ በሁለት ክራንች ነበር የሚንቀሳቀሰው። ሐኪሞቹ ዳሌው ሌላ ኦፕራሲዮን ካልተደረገለት እንደማይቆም ነግረውናል። እኔ የተማሪ ዩኒፎርም ሰፍቼ የማገኘው ደግሞ ከቤት ኪራይና ከአስቤዛ የሚያልፍ አልነበረም። ስለዚህ ያ ኢንሹራንስ ለእኛ የመቆምና ያለመቆም ጉዳይ ነበር።

ኢንሹራንስ ቤቱ ሄድኩ። ካሳ ክፍል ያለችው ሠራተኛ ሦስት ነገር በወረቀት ጽፋ ሰጠችኝ፦ መጀመሪያ የታከመበት ካርድ ኮፒ፣ ያከመው ሐኪም ደብዳቤ፣ በመጨረሻም የሐኪሞች ቦርድ ውሳኔ። «የመጀመሪያው ከሌለ ሌሎቹ አይሠሩም» አለችኝ። የካርድ ቁጥሩ የተጻፈባት ወረቀት ደግሞ ኪራዩ ቀለል ወዳለ ቤት ስንቀይር ጠፍታብናለች።

«ስም?» አሉ ጋሽ ሸምሱ በመስኮቱ።

«ዳኛቸው ወልዴ።»

«የአያት?»

«ገብሬ።»

ገቡ፤ ቆዩ፤ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ከኋላዬ ያለው ሰልፍ ያጉረመርማል። «ጠፋ ማለት ነው?» አልኳቸው፤ እንባዬ ቀድሞኝ ነበር። ሙሉ ለሙሉ ዞረው አዩኝና፣ «ካርድ አይጠፋም ልጄ፤ ቦታ ይስታል። ነገ ነይ» አሉኝ።

በማግስቱ የጠየቁኝ ስሙን አይደለም። ማን እንዳመጣው ጠየቁኝ። ፎርማኑ ነው አልኳቸው። «ሥራ ቦታ ምን ብለው ነው የሚጠሩት?» አሉኝ። «ዳኜ» ስላቸው ግንባራቸውን በእጃቸው መታ አደረጉ። «ትናንት ይኼንን ነበር መጠየቅ የነበረብኝ» አሉ። እውነትም ካርዱ «ዳኜ ወልዴ፣ የአያት ስም አልታወቀም» ተብሎ ተቀምጦ ነበር። ተኝቶ በነበረ ጊዜ ነርሶቹ ዳኜ፣ ዳኜ ሲሉት ወደውት የሚያቆላምጡት መስሎኝ ደስ ይለኝ ነበር።

እፍ ብለው፣ ጠርገው ከፈቱት። የሐኪሙ ጽሑፍ እንግሊዝኛ ስለሆነ በጣታቸው እየተከተሉ ያነቡልኝ ጀመር። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ጣታቸው ቆመ። ወደ እኔ ሳያዩ፣ «ባልሽ የወደቀው የት ነው?» አሉኝ።

«ሥራ ላይ። ጓደኛው እንደነገረን፣ ከሦስተኛ ፎቅ።»

«እዚህ ላይ ‹ቤቱ ውስጥ ከደረጃ ወድቆ› ነው የሚለው። ‹ያመጣው ሰው እንደተናገረው› ይላል።»

ነገሩ ወዲያው ነው የገባኝ። ቤቱ ውስጥ ለወደቀ ሰው አሠሪም ሆነ ኢንሹራንስ አይጠየቅም። ያን ጊዜ ያደረግኩትን አሁንም ሳስበው አፍራለሁ። በመስኮቱ ጎንበስ ብዬ፣ «ጋሼ፣ አንዲት ቃል ናትኮ። ‹ቤት› የሚለውን ‹ሥራ› ያድርጉልኝ። ማን ያያል? የሚሉኝን ሁሉ አደርጋለሁ» አልኳቸው።

ካርዱን ዘጉት። በጎን በር ወጥተው መጡና መተላለፊያው ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር አስቀመጡኝ። ቀኝ ጆሯቸው ወደ እኔ እንዲሆን ተስተካክለው አጠገቤ ተቀመጡ።

«እነዚህ መደርደሪያው ላይ ያሉት ሁሉ እኔን አምነው ነው የተቀመጡት» አሉኝ። «ዛሬ ላንቺ ብዬ አንዲት ፊደል ብነካ፣ ነገ ሌላው መጥቶ የባልሽን ካርድ ንካልኝ ቢለኝ ምን እመልሳለሁ?»

ተናደድኩ። «ታዲያ ውሸቱ እንዲሁ ይቀመጥ?» አልኳቸው።

«ውሸቱም ይቀመጥ። እውነቱን ፈልገን ጎኑ እናስቀምጠዋለን።»

ከዚያ አስረዱኝ። ሰው ሲጎዳ የሚጻፈው አንድ ቦታ ብቻ አይደለም። ካርድ ከመውጣቱ በፊት ድንገተኛ ክፍል በር ላይ የምትቀበለው ነርስ በትልቅ መዝገብ ትጽፋለች። ችግሩ፣ ክረምት ላይ የዚያ ክፍል ጣሪያ ስላፈሰሰ የቆዩት መዝገቦች ከተሰበሩ አልጋዎች ጋር ጓሮ ወዳለው የቆርቆሮ መጋዘን ተወስደዋል። ማንም ደርድሯቸው አያውቅም። «አለቃዬን አስፈቅጃለሁ። ቅዳሜ ሥራ የለኝም፤ ቅዳሜ ነይ። ለአፍሽ መሸፈኛ ጨርቅ ያዢ፣ አቧራ ነው» አሉኝ።

ፎርማኑን መስደብ ጀምሬ ነበር። አላስጨረሱኝም። «ፈርቶ ነው» አሉ። «የፈራ ሰው ወሬ ወረቀት ላይ ሲሰፍር እውነት ይመስላል። ለዚህ ነው መዝገቡን የምንፈልገው።»

ቅዳሜን ስጠብቅ፣ በመሃል አንድ ቀን ለሐኪሙ ቀጠሮ ልጠይቅ ሄጄ ያየሁትን መቼም አልረሳውም። ጠቆር ያለ ነጠላ የለበሰች ሴት ወደ መስኮቱ መጣች። ጋሽ ሸምሱ ሲያይዋት፣ ስም ሳይጠይቁ፣ የጎን በሩን ከፈቱላት፤ ወንበር ሰጧት፤ አንዲት ቀጭን ካርድ አውርደው ጠርገው ጭኗ ላይ አስቀመጡላት። ሴትየዋ እያገላበጠች ትንሽ ቆየችና መልሳ ሰጥታቸው ሄደች። ኋላ ስጠይቃቸው፣ የሞተባት ሕፃን ልጇ ካርድ መሆኑን ነገሩኝ። ክትባት ሲከተብ የተመዘነው ኪሎ እዚያ ላይ አለ፤ በየዓመቱ እየመጣች ታየዋለች። «ደንቡ ለሕክምና ካልሆነ ካርድ ከዚህ ክፍል አይውጣ ነው የሚለው» አሉኝ። «እሷ እናቱ ናት። እዚሁ ቁጭ ብላ ብታየው ደግሞ አልወጣም።»

የመጀመሪያው ቅዳሜ አቧራ በላን እንጂ ምንም አላገኘንም። የመዝገቦቹ ሽፋን በውሃ ርሶ ተጣብቋል፤ ወሩ የተጻፈበት ጀርባ ተልጧል። ጋሽ ሸምሱ እያንዳንዱን ከፍተው፣ ወሩን አይተው፣ በየተራው ይደረድራሉ። «የኛን ብቻ ፈልገን ብንሄድስ?» ስላቸው፣ «ነገ ሌላ ሰው ይመጣል» አሉኝ። ቀትር ላይ ደጅ ወጥተው እጅና እግራቸውን ታጥበው ሰገዱ፤ ተመልሰው ከፔርሙዝ ሻይ ቀዱልኝ። ምሳ ይዤላቸው ነበር፤ አልነኩትም። ጉዳይ ካለው ሰው እጅ ምንም አይቀበሉም። «ጉዳይሽ ይለቅ፣ ያኔ እበላልሻለሁ» አሉኝ እየሳቁ።

በሁለተኛው ቅዳሜ፣ ወደ ስምንት ሰዓት ላይ ነው የተገኘው። እኔ አንድ የተሰበረ አልጋ ላይ ተቀምጬ ሌላ መዝገብ እገልጣለሁ። «ትዕግሥት» ብለው በስሜ ጠሩኝ፤ ከዚያ በፊት ልጄ ብቻ ነበር የሚሉኝ። ወደ በሩ ብርሃን አውጥተው ቀስ እያሉ አነበቡልኝ። ነርሷ የበሽተኛውን ቃል በአማርኛ ነው የጻፈችው፦

«ዳኜ። ዕድሜ 34። ልብሱና ፀጉሩ ሲሚንቶ ነው። ራሱን ያውቃል፣ ይናገራል። የቆምኩበት የመወጣጫ እንጨት ተሰብሮ ከሦስተኛ ፎቅ ወደቅኩ ይላል። ሚስቴን አታስደንግጧት፣ ቀስ ብላችሁ ንገሯት ይላል።»

ዳኛቸው ከዚያች ነርስ በቀር ስለ መውደቁ ለእኔም ለማንም አውርቶ አያውቅም ነበር። ስጠይቀው ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። የራሱ ጥፋት ይመስለው እንደነበር ያወቅኩት በኋላ ነው። እና ያን ቀን፣ በዚያ መጋዘን በር ላይ፣ የባሌን ድምፅ ከሽማግሌው አፍ ሰማሁት። አለቀስኩ። ጋሽ ሸምሱ አላባበሉኝም። መዝገቡን ደረታቸው ላይ አስደግፈው እስክጨርስ ቆሙ። ከዚያ፣ «ሰኞ ወደ ሐኪሙ እንገባለን» አሉ።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ስንት በሽተኛ በር ላይ ተሰልፎ እያለ ደብዳቤ መጻፍ ሰልችቶታል። «እኔ አጥንት ነው የማየው። የት እንደወደቀ አላየሁም» አለ። ጋሽ ሸምሱ አልተከራከሩትም። ካርዱንና መዝገቡን በብብታቸው ይዘው በሩ አጠገብ ቆሙ። መስኮታቸውን ለባልደረባቸው አደራ ብለው ነበር የመጡት። በሽተኛ ገባ፣ ወጣ፤ እሳቸው ቆመዋል። ወንበር ሳመጣላቸው፣ «ሐኪሙ ራሱ ቆሞ ነው የሚሠራው» አሉኝ። የመጨረሻው በሽተኛ ሲወጣ ሐኪሙ አያቸውና ፈገግ አለ።

«ጋሽ ሸምሱ፣ አሁንም እዚህ ነዎት?»

«ዶክተር፣ ያላዩትን ይጻፉ አልልም። የተጻፈውን ያንብቡልኝ ነው።»

አነበበው። ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ወንበሩን ስቦ፣ የአጥንቱ ስብራት ከከፍታ ከመውደቅ ጋር እንደሚስማማና ድንገተኛ ክፍል የተመዘገበው ቃል ምን እንደሚል ዘርዝሮ ጻፈ፤ ማኅተም አስደረገበት።

ገና አላለቀም። ዳኜና ዳኛቸው አንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ ከወረዳ ያስፈልጋል። ጋሽ ሸምሱ ምን ተብሎ እንደሚጻፍ በቃሌ አስጠኑኝ። «‹ይመስላል› የምትል ቃል ካለችበት እንዳትቀበይ፤ መልሰሽ አስጽፊ» አሉኝ። እውነትም ነበረችበት፤ መልሼ አስጻፍኩ።

ሁሉንም ይዤ ኢንሹራንስ ቤት ስገባ ሠራተኛዋ በጥንቃቄ አየችው። «ካርዱ ቤት ይላል፣ መዝገቡ ሥራ ቦታ ይላል። የትኛውን እንመን?» አለችኝ። ተመልሼ ለጋሽ ሸምሱ ስነግራቸው፣ «እኔ እመጣለሁ» አሉ።

ሆስፒታሉ በደብዳቤ ፈቅዶላቸው፣ ዋናውን መዝገብ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው መጡ። ያን ቀን ጋዋን አልለበሱም፤ ቡናማ ኮት ለብሰው፣ ነጭ ቆባቸውን አድርገው ነበር። ጠረጴዛው ላይ መዝገቡንና የካርዱን ኮፒ ጎን ለጎን ዘረጉ። ሠራተኛዋ ልትናገር ስትል ቀኝ ጆሯቸውን አዙረውላት ጥያቄዋን እስከ መጨረሻው ሰሟት። ከዚያ የጎማ ቆብ ያለባትን ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ አሳረፉ።

«ሰዓቱን ተመልከቺ ልጄ። መዝገቡ ላይ አምስት ሰዓት ከሩብ ነው። ካርዱ የወጣው ስድስት ሰዓት ላይ ነው። መጀመሪያ የተናገረው የወደቀው ሰው ነው። ያመጣው ሰው የተናገረው በኋላ ነው። እኔ ማንን እመኚ አልልሽም፤ ተራውን ነው የማሳይሽ።»

ሠራተኛዋ ሰዓቶቹን አየች። ተነሥታ አለቃዋን ጠርታ መጣች። እሱም አየ። ያን ዕለት የተባልነው ወደ ቦርድ ይቅረብ ብቻ ነው፤ እኔ ግን ከሕንፃው ስንወጣ ጉዳዩ እንዳለቀ አውቄ ነበር። ጋሽ ሸምሱ መዝገቡን መልሰው እየጠቀለሉ፣ «ታክሲ ውስጥ መስኮት ጋ አልቀመጥም፤ ዝናብ ሊነካው ይችላል» ሲሉ ነው የማስታውሳቸው።

ቦርዱ ወሰነ፤ ኢንሹራንሱ ተቀበለ። ዳኛቸው ሁለተኛው ኦፕራሲዮን ተደረገለት። ዛሬ በአንድ ከዘራ ይሄዳል። መወጣጫ ላይ አይወጣም፤ መሬት ላይ ሆኖ ወጣት ለሳኞችን ያሠራል። ሁልጊዜ ጠዋት እንጨቱን አንድ በአንድ ራሱ ይፈትሻል ብለው ጓደኞቹ ነግረውኛል።

ጉዳያችን ሲያልቅ አዲስ ጋዋን ሰፍቼ ወሰድኩላቸው። ገላብጠው ስፌቱን አዩ። «ኪሱ ሰፊ ነው» አሉ ደስ ብሏቸው። ያን ቀን ያመጣሁትን ምሳም በሉልኝ፤ ለባልደረባቸውም አካፈሉ። ሌላ ምንም አልጠየቁኝም፣ ስለ ካሳውም አላነሡም። አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቁኝ፦ «ባልሽ እንቅልፍ ይተኛል?»

«አሁን ይተኛል» አልኳቸው።

እሑድ ዕለት ከዳኛቸው ጋር ለቅሶ ሄድን። ነፋስ ስልክ፣ ከአሮጌ የቆርቆሮ ግቢዎች መካከል፣ ድንኳኑ ገና አልተነሣም ነበር። ወንዶቹ ዳኛቸውን ምንጣፍ ላይ ሊያስቀምጡት ሲሉ እግሩ እንደማይታጠፍ አዩና ወንበር አመጡለት። እኔ ወደ ሴቶቹ ገባሁ። የጋሽ ሸምሱ ባለቤት እትዬ ከድጃ ጥቁር ሻሽ አስረው ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። «አላህ ያጽናዎት» ብዬ ሳምኳቸውና ከየት እንደመጣሁ፣ ጋሽ ሸምሱን እንዴት እንደማውቃቸው ነገርኳቸው። መጋዘኑን፣ ቅዳሜዎቹን፣ መዝገቡን ሁሉ። አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። ምንም አያውቁም ነበር።

«ቤት ሲገባ የሰው ጉዳይ አያወራም» አሉኝ። «ምን ዋልክ ስለው አንዳንዴ ‹ዛሬ አንድ ሰው ተገኘ› ይለኝ ነበር። ማን እንደሆነ ብጠይቀው አይነግረኝም። እኔም መጠየቅ ተውኩ።»

ከዚያ በበሩ በኩል ወደ ድንኳኑ አዩ። «ያ ወንበር ላይ ያለው ነው ባልሽ?»

«አዎ።»

ተነሡ። ሴቶቹ ሊይዟቸው ሲሉ እምቢ ብለው ራሳቸው ወጡ። ዳኛቸው ሲያያቸው ከዘራውን ፈልጎ ሊነሣ ታገለ፤ ትከሻውን ይዘው አስቀመጡት። ፊቱን ለረጅም ጊዜ አዩት፤ ስሙ ሳይነገራቸው ሲወራላቸው የኖረውን ሰው እንደሚለዩ ሁሉ።

«ከተገኙት አንዱ አንተ ነህ?» አሉት።

ስለ ምን እንደሚጠይቁት አላወቀም። እኔ ከበሩ ላይ ሆኜ ልነግረው ስል፣ እሱ ቀና ብሎ፣ «አዎ እናቴ፣ እኔ ነኝ» አላቸው። እትዬ ከድጃ ሌላ ወንበር አስመጥተው አጠገቡ ተቀመጡ፤ «እስቲ ንገረኝ፣ እንዴት ሆነህ ነው የወደቅከው?» አሉት። ያ ስለ መውደቁ አፉን ከፍቶ የማያውቅ ባሌ፣ በዚያ ሁሉ ለቀስተኛ ፊት፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ነገራቸው።